የግራው ማጠፊያ

ጓደኛዬን ሰው ሁሉ ግድየለም እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ያንን ስም ግን ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ጎኑ የተጨረማመተ መኪና ይዛችሁ ወደ ጋራዣችን ብትመጡ፣ አንድ ጊዜ ዞሮ ያየዋል፣ የተጎዳውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርገዋል፣ ከዚያ «ግድ የለም» ይላችኋል። መኪናችሁ ገደል ገብቶ በገመድ ተጎትቶ የወጣ ቢሆንም መልሱ ያው ነው። ላሜራ ቀጥቃጭ ነው። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ እሱ ያቃናውን እኔ አስውበዋለሁ። እሱን ብትጠይቁት ግን «ሥራዬን የሚሸፍንብኝ ሰውዬ» ይላችኋል።

ግቢያችን ሰፊ አይደለም። በአንድ ወገን ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ አለ፤ የብየዳ ማሽኑ፣ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳው፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተሰቀሉት መዶሻዎቹ እዚያ ናቸው። በሌላው ወገን በላስቲክ የተጋረደች የእኔ ክፍል አለች። እሱ ብረት በሞረደ ቁጥር ብናኙ በላስቲኩ ሽንቁር ሾልኮ እርጥብ ቀለም ላይ ያርፍብኛል። በዚህ ሳቢያ ያልተጣላንበት ሳምንት የለም። እጮኻለሁ፣ የቀለም መርጫውን አሽቀነጥራለሁ፣ ሁለተኛ እዚህ ግቢ አታገኘኝም እላለሁ። እሱ ሞረዱን አስቀምጦ ቀና ይልና ያችን ቃሉን ይላታል። ብቻዬን ተጣልቼ ብቻዬን እታረቃለሁ።

ቃሏ አፉ ላይ የከረመች ናት። አባቱ ሲሞቱ የቤቱ የበኩር ልጅ እሱ ነበርና ትምህርቱን ትቶ መዶሻ ያዘ። ወንድሞቹን አስተማረ፣ እህቶቹን ዳረ። በወጣትነቱ ያጫት ልጅ ነበረች፤ «የመጨረሻዋ እህቴ ወግ ማዕረግ ትይና» እያለ ሲያቆያት መጠበቁ ታከታትና ሌላ አገባች። ያኔም ግድ የለም አለ፤ ይባስ ብሎ ሠርጓ ላይ ሄዶ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ከዚያ እናቱ ታመሙ፤ እስከ መጨረሻቸው የጦራቸው እሱ ነው። እንዲህ እንዲያ ሲል ፀጉሩ ሸበተ።

ቤቱን አውቀዋለሁ። አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋው እንደ ወታደር አልጋ ተወጥሮ ይነጠፋል፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ተደፍቶ ይቀመጣል። እንግዳ ከመጣ ብርጭቆውን ለእንግዳው ሰጥቶ እሱ በጣሳ ይጠጣል። የእህቶቹ ልጆች አባባ ይሉታል፣ ይወዱታል፤ ከሥራ ሲገባ ግን «መጣህ?» የሚለው ሰው የለም። ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። በእሱ ፈንታ የማማርረው እኔ ነኝ፤ ሚስቴም ይህን ስትሰማ «አንተን ምን አገባህ?» ትለኛለች።

ታዲያ ይህን ሰውዬ አንዲት መኪና አገኘችው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ መሬት ልትስም የደረሰች የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ቀለሟ የቀይ ወይን ነው፤ ያንን ቀለም በጥብጦ ማግኘት ስንት ጣጣ እንዳለው እኔን ጠይቁኝ። ባለቤቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። መኪናዋን የገዙት ባላቸው ሲሆኑ፣ ባልየው ከሞቱ ቆይቷል። ሟቹ ሽቅርቅር ቢጤ ነበሩ አሉ። አንድ ልጃቸው በዚያች መኪና ሲሄድ ያደገው በእናቱ ጭን ላይ ነው፤ ሦስተኛ ወንበር የላትማ።

ልብስ ሰፊዋ በየትምህርት ቤቱና በየሰው ቤት እየዞሩ ስፌት ያስተምራሉ። የሚያስተምሩበትን ማሽንም ራሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። ማሽኑ የድሮ ብረት ነው፣ ሲያነሱት ወገብ ይቆርጣል። መኪናዋ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጭነት አልተፈጠረችም። የኋላ ኮፈኗን የያዙት ሁለት የታጠፉ የብረት ክንዶች ናቸው፤ ማጠፊያ እንላቸዋለን፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ኮፈኑ ሲከፈት ክንዶቹ ላይ ያሉት ሞላዎች ደግፈው ያቆሙታል። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ወደኛ የመጡ ቀን የግራው ማጠፊያ እጥፋቱ ላይ ተሰብሮ፣ ኮፈኑ በገመድ ታስሮ ነበር።

ግድየለም ሰባራውን በየደው። ያረጀ ብረት ስለሆነ ሞላውን ይሸከማል ብሎ አላመነውም፤ ሞላውን አውጥቶ አስቀመጠው። ስለዚህ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ግን ብቻውን አይቆምም። ልብስ ሰፊዋ ማሽናቸውን ታቅፈው መልሰው ለመጫን ሲንገዳገዱ፣ ሮጦ ሄዶ ኮፈኑን ከፍ አድርጎ ያዘላቸው። ማሽኑን አስገቡ፣ መቀሳቸውን አስገቡ፣ የጨርቅ ጥቅላቸውን አስገቡ።

«ወንድሜ፣ እጅዎ አልዛለም?» አሉት።

«ኧረ ግድ የለም፣ እትዬ» አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ብየዳው ጥቂት ወራት ይቆይና ይለቃል፣ እሳቸው ይመጣሉ፣ እሱ ይበይዳል፣ እኔ የተቃጠለውን ቦታ እቀባለሁ፣ እሱ ኮፈኑን ይዞ ይቆማል፣ እሳቸው ይጭናሉ፣ ይሄዳሉ። ጭነቱም ቀስ በቀስ ረዘመ። መጀመሪያ ማሽንና መቀስ ነበር፤ በኋላ አስገብተው ያወጣሉ፣ ያወጡትን ያገላብጣሉ፣ ይህ ከታች ይሁን ይሉና ይመልሱታል። እሱም ክንዱን ዘርግቶ እንደ ጣሪያ ምሰሶ ይቆምላቸዋል።

እኔ ቀለም ቀቢ ብሆንም የብረት ነገር ይገባኛል። ያረጀ ብረት በበየድከው ቁጥር ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ክንዱን አውጥቶ መጣልና ከወፍራም ላሜራ አዲስ መሥራት ነው። ግድየለም ይህን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«ለምን አዲስ አትሠራላቸውም?»

«የራሷ ብረት ይሻላታል።»

«የራሷ ብረት እኮ አልቆለታል!»

«ግድ የለም» አለና መዶሻውን አነሳ።

ሆን ብሎ ያበላሻል አልልም፤ ሐሜት ይሆንብኛል። ሲበይድ አይቼዋለሁ፣ እስትንፋሱን ይዞ ነው የሚበይደው። ግን የገባኝ ቀን ገብቶኛል። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አንድ ነጭ መኪና ቀብቼ ጨርሼ ብወጣ ቀለሙ ላይ አንዲት ብናኝ አጣሁ። ተገረምኩ። ላስቲኩን ገልጬ ሳይ፣ ሰውዬው ጥላውን ጠርጎ፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጥቦ፣ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ቆልፎ፣ በሩን በሩን እያየ ቆሟል። ሞረዱን ከጠዋት ጀምሮ አልነካውም። ለካ ልብስ ሰፊዋ እመጣለሁ ብለውት ኖሯል፤ ጥቂት ቆይቶ የዚያች መኪና ድምፅ ከመንገዱ መታጠፊያ ተሰማ። ያቺን ድምፅ እሱ ከእኔ ቀድሞ ነው የሰማት።

ከዚያ ወዲያ አላስቀመጥኩትም። «ንገራቸው እንጂ» እላለሁ።

«ምን ብዬ?»

«ይናፍቁኛል በላቸው። አንተ እኮ ብረት ስትቀጠቅጥ ከርመህ አፍህም ብረት ሆኗል።»

«ወንድሜ እያሉ የሚጠሩኝን ሴትዮ?»

እውነቱን ነው። እሳቸው ወንድሜ ይላሉ፣ እሱ እትዬ ይላል፤ ሳይዛመዱ በዝምድና ታጥረው ቀሩ። ግን እሳቸው በሄዱ ማግሥት ግድየለምን ያየ ሰው ያዝንለታል። መዶሻውን አንስቶ ይረሳዋል። መንገድ ላይ የድሮ መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱ ይዞራል። አንድ ቀን ቁርሳችንን እየበላን ሳለ ከምንም ተነስቶ «አንድ ጥቅል የስፌት ክር ቢተረተር ምን ያህል ይረዝማል?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ብላ አልኩት።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ልብስ ሰፊዋ መጡ። ኮፈኑ እንደገና በገመድ ታስሯል። እኔ በላስቲኬ ውስጥ ነበርኩ፤ የሚያወሩት ሁሉ ይሰማኛል።

«ወንድሜ፣ የዛሬው ከሌላው ጊዜ ይለያል» አሉት። «ልጄ ልጅ ወለደ። ሚስቱ ወደ ሥራ መመለሷ ነው፣ ሕፃኑን የሚይዝላቸው የለም። እናቴ ካልመጣሽ ብሎ ሞቶ ተነሳ። እኔም የልጅ ልጄን ላይ ጓጉቻለሁ፤ እሺ ብዬዋለሁ። ቤቱን ለቅቄያለሁ። ጠቅልዬ ልሄድ ነው።»

እሱ መዶሻውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ።

«መንገዱ ረጅም ነው፣ ዳገት ቁልቁለት አለበት። ዕቃዬ በሙሉ ከኋላ ነው የሚጫነው። እዚያ ደግሞ ልጄ ሥራ ይውላል፣ ኮፈኑን የሚይዝልኝ ሰው የለም። ስለዚህ ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርገው ይሥሩልኝ። ሁለተኛ የማይሰበር።»

እግዜር ያሳያችሁ። ሰው ይህን ሲነገረው ምን ይላል? የእኔ ጓደኛ ምን አለ?

«ግድ የለም» አለ።

መርጫው ከእጄ ወደቀ። «ግድ የለም?» አሉ ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብለው።

«ማለቴ… ይሠራል። ይሄ ቀላል ነው። ግድ የለም።»

እሳቸው ቁልፉን ሞርሳው ላይ አስቀምጠው በእግራቸው ወጡ። እኔ ላስቲኩን ቀድጄ ነው የወጣሁት። «አንተ ምን ዓይነት ፍጡር ነህ?» አልኩት። «ሴትዮዋ ልሄድ ነው ሲሉህ ግድ የለም? አፍህን የሚሰፋልህ ጠፋ? እሳቸው እንኳ ልብስ ሰፊ ነበሩ!» ቢሰማኝ ኖሮ መልካም ነበር። እሱ ግን የሄዱበትን በር እያየ ነው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። በዚያች ቃል ሙሉ ዕድሜውን ስንቱን ነገር ሸኝቶ፣ ይቺን አንዷን እንኳ ሳያስብ ሸኛት። ተናድጄ ነበር፣ ግን ፊቱን ሳይ ቁጣዬ ውኃ ሆነ።

ሥራውን ያዘ። ለሌላ ሰው የማይነካውን፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ወፍራም ላሜራ አወጣ። ደህናውን የቀኝ ማጠፊያ ከመኪናዋ ላይ ፈታና ላሜራው ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረ። ቆረጠ። በእሳት አቅልቶ ሞርሳ ላይ አጠፈ። ቀዳዳውን በሳ፣ ዘንጉን አስገባ፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት። ያን ቀን ቀለሜ ሁሉ አቧራ ጠገበ፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ብረቱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ጥፍር የሚይዝበት ሸካራ ቦታ የለውም። እስከ ዛሬ ካየሁለት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

በማግሥቱ ከቀትር በፊት ልብስ ሰፊዋ ማሽናቸውንና ሻንጣዎቻቸውን በታክሲ አስጭነው መጡ። ግድየለም ቀኙን ማጠፊያ ወደ ቦታው መልሶ፣ አዲሱን በግራ በኩል አስገብቶ ቡሎኑን አጠበቀና ኮፈኑን ዘጋ። ኮፈኑ አልዘጋም አለ። አንደኛው ጠርዙ ቁጭ ሲል ሌላው ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ፈታ፣ አየ፣ መልሶ አሰረ፣ ዘጋ። ያው አንጋጠጠ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ወዲያው ገባኝ። ቀኙን ናሙና አድርጎ ሲሠራ፣ ግራውን ወደ ተቃራኒው ማጠፍ ሲገባው፣ እንደ ናሙናው አጥፎታል። መኪናዋ ሁለት የቀኝ ማጠፊያ ኖሯታል፤ አንድ ሰው ሁለት የቀኝ እግር ጫማ እንደመግዛት ያለ ነገር። ይህን ስሕተት ሥራ በጀመረ ሰሞን የሚሠራ ሰው አለ። ግድየለም ግን ያኔም አልሠራውም።

«ሆን ብለህ ነው» አልኩት በጆሮው።

«የእናቴ አጥንት ይውጋኝ» አለኝ። ዓይኑን አየሁትና አመንኩት። እጁ ሌላ ቦታ አልነበረም፣ ልቡ ነበር ሌላ ቦታ የነበረው።

ልብስ ሰፊዋ ጠጋ አሉ። «ምን ሆነ?»

«ሁለቱንም ቀኝ አደረግኳቸው፣ እትዬ» አለ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

እሳቸው ብረቱን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከዚያ ሳቅ ፈነዳባቸው። «እኔ ደግሞ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ለአንዲት ሙሽራ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፍቼ አውቃለሁ። ልጅቷ ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም አንድ ክንዷ ወደ ኋላዋ የዞረ መሰለ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ፈትቼ ሰፋሁት። ጨርቅ ይፈታል።»

«ብረት አይፈታም፣ እትዬ። እንደ አዲስ ነው የሚቆረጠው።»

«እንግዲያው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አሉ።

ከተበላሸ አውቶቡስ ነቅለን ጥግ ላይ ያስቀመጥነው ወንበር አለን። እሱ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ግድየለም የለበሰውን የሥራ ካፖርት ኪስ አዩ፤ ኪሱ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፣ እንደዚያ ተንጠልጥሎ የከረመ ነው። «ያውልቁትና ያምጡት» አሉት። ቢያቅማማም አወለቀ። ከቦርሳቸው መርፌና ክር አውጥተው መስፋት ጀመሩ። እሱ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ብረት ይቆርጣል፣ እሳቸው ካፖርቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ይሰፋሉ። ግቢያችን ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቤት ሆኖ አያውቅም።

እኔ የምቀባው ነገር አልነበረኝም። ላስቲኬ ውስጥ ገብቼ ባዶ ቆርቆሮ ሳንኳኳ፣ ሥራ ያለኝ ስመስል ዋልኩ።

«ልብስዎን ማን ያጥብልዎታል?» ይላሉ እሳቸው።

«ራሴ።»

«ለምን አላገቡም፣ ወንድሜ? ጠየቅኩዎት ብለው አይቀየሙኝ።»

«ዛሬ ነገ ስል ነው» አለ። ሞረዱ ቆመ። «ሁልጊዜ የሚቀድም ሰው ነበረ። እኔ ኋላ እደርሳለሁ ስል… ኋላውም አለፈ።»

እሳቸው ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ። «ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነበር» አሉ። «ግን ማሽን ተሸክሜ ስመጣ እሱ መሪው ጋ ተቀምጦ ጡሩምባ ነው የሚነፋልኝ፣ ፍጠኚ ብሎ። በሕይወቴ ይህን ኮፈን የያዘልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ላስቲኩን በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። ተናገር፣ አንተ ሰውዬ! ከዚህ የበለጠ በር ማን ይከፍትልሃል? ግድየለም አንገቱን ደፋ።

«አሁን ሞላውን እመልስበታለሁ» አለ። «ጠንካራ ሞላ ነው። ከእንግዲህ አይወድቅብዎትም።»

ልብስ ሰፊዋ ካፖርቱን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ስፌቱ ካለቀ ቆይቷል፣ ግን አልሰጡትም።

የግራው ማጠፊያ ሲያልቅ ለእኔ ሰጠኝ። አንድ እጅ ቀለም ይበቃው ነበር። እኔ ግን ሁለት እጅ ቀባሁት፣ ያውም የሚያብረቀርቀውን ጨምሬ፣ «እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው» አልኩ። በዓይናቸው ሁለቱም አመሰገኑኝ መሰለኝ። ደረቅ እስኪል ጥላው ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም፤ እንዲያውም ብዙ ያወሩ አይመስለኝም። በመጨረሻ ግን ቀለም ይደርቃል፣ ምን ላድርግ።

አስሮ ኮፈኑን ዘጋው። ልክክ ብሎ ገጠመ፣ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ የለም። ከፈተው። ኮፈኑ ተነሳና ቀጥ ብሎ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ማሽናቸውን ጫኑ፣ ሻንጣዎቻቸውን ጫኑ። ግድየለም ከልማዱ የተነሳ እጁን ዘርግቶ የኮፈኑን ጠርዝ ይዟል። ኮፈኑ ምንም አልተደገፈበትም።

«ይተዉት፣ ራሱ ይቆማል» አሉት።

«አውቃለሁ» አለ። እጁን አላወረደም።

ከዚያ ተናገረ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «ይናፍቁኛል፣ እትዬ። ከሄዱ በኋላ ብቻ አይደለም። ብየዳው እስኪለቅ ድረስ ሁልጊዜ ይናፍቁኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ የያዙትን ትንሽ ቦርሳ ሳያስገቡ ቆሙ። ፊታቸው ላይ የነበረውን አልረሳውም፤ ደስታም አለ፣ ንዴትም አለ፣ እንባም አለ።

«ከቤቴ ማዶ አንድ ጋራዥ አለ» አሉት። «ገና ያኔ፣ መጀመሪያ የተሰበረ ጊዜ፣ አዲስ ክንድ ሠርተን ዛሬውኑ እንሰጥዎታለን ብለውኝ ነበር። በየጊዜው እንዲያ ይሉኛል። እኔ ግን ገመዴን አስሬ ከተማውን አቋርጬ እዚህ እመጣለሁ።»

«ታዲያ…» አለ። «ታዲያ ለምን አላሠሩትም?»

«እርስዎ ለምን አልሠሩልኝም?» አሉት።

ሁለቱም አንድ መልስ ነበራቸው። መንገዱ ላይ አንድ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። እሳቸው ቦርሳውን አስገቡ። «ሕፃኑ እየጠበቀኝ ነው» አሉ። «ለልጄ ቃል ሰጥቻለሁ። ትናንት ቢነግሩኝ እንኳ…» ብለው ተዉት። ኮፈኑን ራሳቸው ዘጉት። ካፖርቱን ሰጡት፤ ሲሰጡት እጃቸው እጁ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ገብተው ሞተሩን አስነሱና ሄዱ። ግድየለም የመኪናዋ ድምፅ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆመ። ከጠፋም በኋላ ቆሞ ነበር፣ እሱ ገና ይሰማው ይሆናል።

ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። አብረን ስንሠራ ስንት ዘመናችን፣ ትከሻው ላይ እጄን አሳርፌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አሳረፍኩ። ካፖርቱን እቅፍ አድርጎ ይዞታል።

«ዳገቱ ላይ ብዙ ይንገጫገጫል» አለኝ፣ ወደ መንገዱ እያየ። «ጭነቱም ከባድ ነው።»

«ከባድ ነው» አልኩ።

«አንተ እይታህ ጥሩ ነው። በእጅህ ይዘህ አይተኸዋል። ይሰበር ይሆን?»

ባለሙያ ሥራው እንዲበላሽ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የእኔ እንጀራ ጉድለትን ቀብቶ ማሳመር ነው፤ ለዚህ ሰው አንዲት ውሸት ብቀባለት ማን ይከሰኛል? አፌን ከፈትኩ። ብረቱን ግን በእጄ ይዤ አይቼው ነበር።

«አይሰበርም» አልኩት።